በድልድዩ ላይ ለምን እንደምንሻገር ለጠየቁን ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የከተማችን የትራፊክ መጨናነቅ ማቃለያ አማራጮች አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለተከበሩት የኮሚቴ አባላት የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በተለይ ደግሞ ኩላሊቶችዎ ያለማንም እርዳታ ሥራቸውን የሚሠሩ እንዲሆኑልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል፤ ለአሁኑ ከማያውቋት ሴት የመጣ ምርቃት ነው ብለው አሜን ይበሉልኝ።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት የምተዳደር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። የእኔን የስፌት መኪናና የእሱን ወንበር የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ ደንበኞቹ የሚያወሩትን ሁሉ ብፈልግም ባልፈልግም እሰማለሁ። ኮሚቴዎ «መጨናነቁ የሚቀለው ወደ መሐል ከተማ የሚገባውን መኪና የመንገድ ክፍያ በማስከፈል ነው ወይስ በነዳጅ ላይ ግብር በመጨመር?» የሚለውን ክርክር የጀመረ ሰሞን፣ ባለቤቴ ደንበኞቹ «ሬዲዮ» የሚሉት ጤነኛና ወሬኛ ሰው ነበር፤ የአንዱን ጢም እስከ ግማሽ ላጭቶ ይተወውና ከሌላው ጋር በእርስዎ ጉዳይ ይሟገት ነበር። ዛሬ ክርክሩ እንዳማረበት አለ። ባለቤቴ ግን ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን የሚያሳጥብ ሰው ሆኗል። ክርክርዎ ከሰው ኩላሊት ይልቅ ዕድሜ ያለው ሆኖ ስለተገኘ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

ሆስፒታሉ ከድልድዩ ማዶ ነው። ማሽኑም ተራ አለው። ከኋላችን ሌላ በሽተኛ ስለሚጠብቅ፣ አርፍደን ስንደርስ መንገድ የበላው ጊዜ ከባለቤቴ እጥበት ላይ ይቀነሳል እንጂ ማንም አይተካልንም። እጥበቱ ያጠረ ዕለት እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በማግስቱም መቀስ ይዞ ከወንበሩ ኋላ መቆም ያቅተዋል። ከማሽኑ ሲወርድ ስለሚያዞረው በአውቶቡስ ተጋፍቶ መሄድ አይሆንለትም፤ ስለዚህ በስተርጅና መንዳት ተምሬ በአሮጌ መኪናችን የማመላልሰው እኔ ነኝ። አቤቱታ የሚለው ቃል ለእርስዎ ክብር የሚመጥን ስላልመሰለኝ፣ ያለኝን ሁሉ በምስጋና መልክ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሁለቱንም ወገን እኩል ስላስደመጡን አመሰግናለሁ። የነዳጅ ግብር ደጋፊው ምሁር በቴሌቪዥን ቀርበው ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ብዙ ይክፈል ሲሉ እውነታቸውን ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን መኪናዬ ከምትሄድበት ይልቅ ድልድይ ላይ ቆማ የምታቃጥለው እንደሚበልጥ ትዝ ሲለኝ፣ ለመቆሜም ግብር ልከፍል ነው ማለት ነው ብዬ ሐሳቤን ቀየርኩ። ከከተማው ዳርቻ ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን የሚነዳው ሰውዬስ ማንን አጨናንቆ ነው እንደ እኔው የሚከፍለው? በሚቀጥለው ሳምንት የመንገድ ክፍያ ደጋፊዋ ወይዘሮ ቀረቡና፣ የሚከፍለው በተጨናነቀ ሰዓት የሚገባ ብቻ ስለሆነ ሰው ሰዓቱን እየቀየረ መንገዱ ይተነፍሳል አሉ። ይህም ልቤን ገዛው። በነጋታው እጥበት ክፍል ያለችውን ሲስተር የባለቤቴን ሰዓት ትቀይርልን ዘንድ ለመንኳት፤ ደግ ሰው ናትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የተሻለ ሰዓት የሚለቀቀው ከበሽተኞቹ ሰው ሲጎድል ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዓት አልጠየቅሁም።

ሁለተኛ፣ ተከራካሪዎቹ በምንም ነገር አይስማሙም እየተባለ ሲታሙ፣ በሁለቱም ረቂቅ ውስጥ የመሥሪያ ቤት መኪኖች ከክፍያም ከግብርም ነፃ እንዲሆኑ አንድም ሰው ሳይቃወም መስማማታቸውን በማየቴ ተጽናንቻለሁ። በሽተኛ የሚያመላልሱ መኪኖች ጉዳይ «ወደፊት የሚታይ» ተብሏል። እኛም ወደፊት የምንታይ ሰዎች እንድንሆን ይጸልዩልን።

ሦስተኛ፣ ስለ ረቡዕ ዕለቱ ጥናት።

ክቡር ሆይ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሰልፉ ከወትሮው እጅግ ረዝሞ፣ ሹፌሩ ሁሉ ከመኪናው ወርዶ ወገቡን ይዞ አገኘነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶ ይሆናል አለ፤ እኔ ሰው ሞቶ ይሆናል አልኩ። ቀስ እያልን ስንጠጋ ለካስ የእርስዎ ኮሚቴ ነው! የመጨናነቁን መንስኤ ለማጥናት አንጸባራቂ ሰደርያ ያለበሳቸውን መረጃ ሰብሳቢዎች አሰማርቶ፣ በመግቢያ ሰዓት፣ ድልድዩ አናት ላይ፣ እያንዳንዱን መኪና እያስቆመ መጠይቅ ያስሞላል። መንገድ ለምን እንደሚዘጋ ለማወቅ መንገድ መዝጋት የእኛ ኮሚቴ ካልሆነ ማንም የማይደፍረው ጥበብ ነው። የሁለቱ ተከራካሪ ወገኖች ተወካዮችም ጎን ለጎን ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን ጥያቄ እንዳያጣምም ይጠባበቁ ነበር።

እኛ ጋ የደረሰችው ትሑት የሆነች ልጅ ስለነበረች አልወቅሳትም። ከመንገድ ክፍያና ከነዳጅ ግብር የትኛውን እንደምንመርጥ ስትጠይቅ ባለቤቴ «እሱንም እከፍላለሁ፣ ያንንም እከፍላለሁ፣ ብቻ አሳልፊኝ እህቴ» አላት። መምረጥ የሚፈቀደው አንዱን ብቻ ነው አለች። ቀጥላ ወደ መሐል ከተማ የምንሻገረው ለምን እንደሆነ ጠየቀች፤ የተሰጣት ምርጫ ለሥራ፣ ለንግድ፣ ለትምህርትና ለመዝናናት የሚል ነበር። ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ በመርፌ የተበሳሳ ክንዱን አሳያት። ልጅቷ ክንዱን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንባዋ ቀረረ፤ ባዶ የሚተው ጥያቄ ካለ አለቆቿ እንደማይቀበሏት እየነገረችን፣ ሥራም ንግድም ትምህርትም ስላልሆነ «ለመዝናናት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ይቅርታ ጠየቀችን። እኔም አይዞሽ ብያት አለፍኩ።

ልክ ያን ጊዜ እርስዎ በወዲያኛው ረድፍ፣ ፊት ፊት ሞተር ብስክሌት እየመራዎት አለፉ። ለምን እንደሚሻገሩ የጠየቀዎት ሰው አላየሁም። መስኮትዎ ክፍት ስለነበር ባለቤቴ አንገቱን መለስ አድርጎ ተመለከተዎትና፣ «ሰውየው ማጅራቱ መስተካከል አለበት» አለ። ድሮ በእርስዎ ጉዳይ ሲሟገት ይውል የነበረው ሬዲዮ ያን ቀን ስለ እርስዎ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ከተራው የቀረው ጥቂት ነበር። ያችኑ ታጥቦ ተመለሰ።

አራተኛ፣ የጥናቱን ውጤት በወቅቱ ስላሳወቁን አመሰግናለሁ፤ ወደ መሐል ከተማ ከሚሻገረው ሰው ቀላል የማይባለው ለመዝናናት እንደሚሄድ፣ ስለዚህም ጉዞው «ሊቀር የሚችል ጉዞ» መሆኑን ከመግለጫዎ ተረድቻለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ደክሞኛል። ልደብቅዎ አልችልም፤ እንዲህ ባለ ትሕትና መጻፍ ራሱ ያደክማል። የመንገድ ክፍያውን ቢያጸኑ እከፍላለሁ። የነዳጅ ግብሩን ቢጥሉም እከፍላለሁ። ገንዘቡ ለአውቶቡስ ውሎ መኪናውን ቤቱ ማቆም የሚችል ሰው ቢያቆምልን፣ ማቆም የማንችለው ደግሞ ብናልፍ፣ የትኛው ወገን ረታ ብዬ አልጠይቅም። እኔን የጨረሰኝ ውሃ ቅዳ ውሃ መልሱ ነው፤ ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር ሁለቱም ወገን ስብሰባው ላይ ሻይ ይጠጣል፣ የሚታጠበው ሰው ግን በተመደበለት ሰዓት ማሽኑ ላይ አይደርስም።

ከረቡዑ ጥናት ወዲህ ባለቤቴ የሳምንቱን አጋማሽ ተራ ትቶታል። ሐኪሙ ተቆጣው፣ እኔም ለመንኩት፣ አለቀስኩበትም። ጠዋት ተነሥቶ ሆስፒታል የሚሄድበትን ሸሚዝ ይለብስና፣ የመኪናውን ቁልፍ ሳነሣ ሲያይ ሄዶ ደንበኞቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። «ማሽኑ አይደለም የሰለቸኝ» አለኝ፤ «መንገዱ ነው። ይቅርብኝ።» ሰው ሕይወቱን ይቅርብኝ ሲል ምን ተብሎ እንደሚመለስለት ኮሚቴዎ አጥንቶ ከሆነ ቢያሳውቁኝ እወዳለሁ፤ እኔ ቁልፉን መልሼ ሰቅዬዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ወስደው ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴው ሰፊ አዳራሽ፣ ለሚቀጥለውም ክርክር ከዚህ የበለጠ ድምቀት እመኛለሁ።

ከድልድዩ ወዲህ ማዶ፣ ሞተሯን አጥፍታ በትዕግሥት የምትጠብቅ ትሑት ታዛዥዎ፣
የፀጉር አስተካካዩ ሚስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልዘጋ ስል አዲሱ መግለጫዎ ደረሰኝ። በሳምንቱ አጋማሽ ድልድዩን የሚሻገሩ መኪኖች መቀነስ መጀመራቸውን፣ ይህም ክርክሩ ገና ሳይቋጭ ያስገኘው ፍሬ መሆኑን ገልጸው ኅብረተሰቡን አመስግነዋል። ከቀነሱት መኪኖች አንዷ የእኛ ናት፤ ምስጋናዎን ለባለቤቴ አድርሻለሁ። ፍሬውን በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ ወደ ቤታችን ጎራ ይበሉ፣ ወንበሩ ላይ ያገኙታል። ማጅራትዎን ግን ሌላ ሰው ቢያስተካክልልዎ ይሻላል፤ እግሩ አብጦ መቆም አይችልም።