ፓምፑ ዝም ያለባት ፒክአፕ

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ለናፈቅኸኝ አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ፒክአፕህ ግን አልነሳ ካለች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ እማዬ የምትሸጠውን እንቁላል በጋሪ ስታመላልስ ወገቧ ተቆረጠ። አጎቴ ያገኘው መላ ለብረት ገዢ መሸጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ሰውየውን ይዞት መጣ።

አጎቴ ቁልፉን ሲያዞር ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ ይረግጣል። የድሮ መኪናው እየተረገጠ ነዳጅ የሚያስገባ ካርቡሬተር ስለነበራት እግሩ አልረሳም። ይህቺኛዋ ነዳጇን በኤሌክትሪክ ፓምፕ እንደምታገኝ፣ እስከ ታች ከረገጧትም ጭራሽ ነዳጁን እንደምትዘጋው ነግረኸኛል።

ሐሙስ ብቻዬን ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዙሬ አዳመጥኩ። ከነዳጅ ታንኩ በኩል ያ ዝዝ የሚለው ድምፅ የለም። ፊውዙን አየሁት፤ አልተቃጠለም። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ትንሹ ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ትዝ አለኝ።

ዛሬ ሰውየው መጎተቻ ገመዱን ሲያስር ኮፈኑን ከፈትኩ።

"እሰይ፣ መካኒካችን መጣች!" ብሎ አጎቴ መሪው ላይ እንደተቀመጠ ሳቀብኝ።

ጆሮዬ ጋለ፤ እጄ ግን አልቆመም። የፓምፑን ሪሌ ነቅዬ በምትኩ የክላክሱን ሰካሁ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው።

"ጋሼ፣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንሳና አስነሳት" አልኩት።

ተነሳች! እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። አጎቴ ግን ወደ ሰውየው ዞሮ፣ "እንግዲህ የምትሄድ መኪና ናት፤ ዋጋዋም ሌላ ነው" አይልም መሰለህ?

"አትሸጥም" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እጄን በመስኮት አስገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ቁልፉን ነቀልኩና ደገምኩት። "አትሸጥም። እማዬ ትሠራባታለች።"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣሽው?" አለኝ አጎቴ።

እማዬ ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ኪሷ ከተተችው። "ሰምተሃታል" አለችው። ሰውየው ገመዱን ፈታ።

አዲስ ሪሌ እስክንገዛ ክላክስ የለንም። እማዬ አንገቷን በመስኮት አውጥታ "ዞር በሉ!" እያለች ትነዳለች።

አባዬ፣ አጎቴ ይህን ደብዳቤ ጻፊ ያለኝ የመሸጫ ውክልና እንድትልክለት ነበር። እሱን አልጻፍኩም። ውክልና የምትልክ ከሆነ በእማዬ ስም ይሁን። መቼ እንደምትመጣ እንድጠይቅህ እማዬ አላዘዘችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩህም።

ባለህበት ሰላም አይለይህ፤ ድካምህን ያቅልልህ።

የመጀመሪያ ልጅህ