በልጄ ፊት ላይ የተተፋው «ምርቃት»

ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለስማዳ ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወገዳ

አመልካች፦ ወ/ሮ ማንጠግቦሽ ፈንታ፣ የሾላ በር ቀበሌ ነዋሪ
ተጠሪ፦ አቶ ይርዳው አወቀ፣ የዚያው ቀበሌ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አክታን «ምርቃት ነው» ብሎ የሰጠው ውሳኔ እንዲሻርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት ነገሩን ከሥሩ አቀርባለሁ።

1. ልጄ ሰማኸኝና የአቶ ይርዳው ልጅ ዮሐንስ አብረው ዘመቱ። ዮሐንስ አልተመለሰም፤ የእኔው በአንድ እግሩ ተመለሰ። አቶ ይርዳው «ልጄን ጥሎ ሸሽቶ ነው የተረፈው» ይላሉ። ሐዘናቸውን አልክድም፤ ዮሐንስ ከቤቴ በልቶ ያደገ ልጅ ነው፣ እኔም አልቅሼለታለሁ። ዳሩ ግን ጦርነቱ አበቃ ከተባለ ወዲህ ሰማኸኝ በክራንቹ ገበያ ሲያቋርጥ አፍንጫውን የሚይዝ፣ ጀርባውን የሚሰጥ፣ አነካከሱን እየደገመ የሚያሽካካ በዛ። ኤዲያ! ሰው እንዲህ ይረክሳል?

2. ሽማግሌ ገባና በጥምቀት ማግስት ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ለእርቅ ተቀመጥን። አቶ ይርዳው እንደ አባት ይመርቁት ተባለ። ልጄ ቆቡን አውልቆ፣ በክራንቹ ተደግፎ እንደ ደንባችን አጎነበሰ። የቸኮለ ልጅ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «አሜን» አለ። እሳቸውም ከጉሮሯቸው ስበው፣ አክ እንትፍ! ከግንባሩ እስከ ከንፈሩ ወረደ። ከተሰበሰበው የሳቀም ነበረ። ሽማግሌ ሲባል ምራቁን የዋጠ ይመስለኝ ነበር፤ እኒህ ግን ለልጄ ፊት አቆይተውት ኖሯል። በነጠላዬ ጠረግሁት፤ ያንን ነጠላ እስከ ዛሬ መልበስ ቀፎኛል።

3. ብከስ ፍርድ ቤቱ «እንትፍ ማለት የአባቶች ምርቃት ነው፤ ልጁም አሜን ብሎ ተቀብሏል» ሲል ፋይሉን ዘጋ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ምርቃትማ «እንትፍ እንትፍ» ነው፤ እጅ ይዘረጋል፣ «እደግ ተመንደግ» ይባላል፣ ምራቁም ለስሙ ነው። «አክ» ካለበት ንቀት ነው። ይህንን ከጋይንት እስከ እስቴ የማያውቅ የለም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን «አክ»ን ዘሎ «እንትፍ»ን ብቻ ጻፈ። ይህን ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ሰው እንኳ «ተገቢ ያልሆነ ድርጊት ብንለው አይሻልም?» ቢለኝ፣ «አክን ጻፍ!» ብዬዋለሁ።

4. ከዚያ ወዲህ ልጄ ከቤት አይወጣም። ቅዳሴ ቀርቷል። አገር ለቅቄ እሄዳለሁ ይላል፤ በክራንች ወዴት እንደሚሄድ እንጃለት። የንስሐ አባታችን መጥተው ማዕድ ሲባርኩ ሁላችን አሜን ስንል እሱ ዝም አለ። እኔ «አሜን በል እንጂ» ስለው «አንዴ ያልሁት ይበቃኛል» አለኝ።

ስለዚህ «አክ» የምትለው ቃል በቃለ ጉባኤው እንድትገባ፣ ውሳኔው እንዲሻር፣ አቶ ይርዳውም በዚያው አጸድ ሥር፣ በሳቁት ሰዎች ፊት ልጄን ይቅርታ እንዲጠይቁት እንዲያዙልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ካሳ አልጠይቅም። ልጄ ለአክታ ያባከናትን አሜን ብቻ ያስመልሱልኝ።

ሰላሙ እስኪገኝ፣ ከሰላምታ ጋር

ማንጠግቦሽ ፈንታ
(የጣት አሻራ)