በመንግሥት ውሳኔ ታናሽ እህቴ ስለሆነችው የእህቴ ልጅ

ለተከበሩ የቤተሰብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም ማራገቢያው በሚሠራበት ፎቅ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም ያመመኝ የእርስዎ መጠበቂያ ክፍል አግዳሚ ወንበር እንጂ ሌላ ደዌ ስላልሆነ፣ በሕክምና ወጪ መንግሥትን እንደማላስቸግር በማረጋገጥ ደብዳቤዬን እጀምራለሁ።

ስሜ ኤሊሂዮ ፔጌሮ ማርሞሌሆስ ይባላል። በሎስ ማንጎስ ሰፈር በሞተር ብስክሌት ሰው አመላልሳለሁ። ሚስት የለኝም፤ ሊያገቡኝ ያሰቡ አንድ ሁለት ሴቶች ሩዝ ስቀቅል ካዩ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። በዝናቡ ወራት እህቴ ኢቬሊስ በትንኝ ትኩሳት ታማ ሞተችና የሰባት ዓመት ልጇን ዩዴልካን ለእኔ ተወችልኝ። እህቴ አስተዋይ ሴት ነበረች፤ በሕይወቷ የሠራችው ብቸኛ ስሕተት እኔን ማመኗ ነው ይላሉ ጎረቤቶቼ፣ እኔም አልከራከራቸውም። በጣም ትናፍቀኛለች። ለብቻው ልጅ ለሚያሳድግ ሰው መንግሥት ድጎማ ይሰጣል ሲሉኝ፣ የተሻለውን ሸሚዜን ለብሼ ወደ እርስዎ ደጅ መጣሁ፤ እነሆ ሸሚዙ አለቀ።

አንደኛ፤ ቤተሰቤን ስላሰፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት በአገራችን ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ ቀዳሚው ከአባት፣ ተከታዩ ከእናት ይመጣል። አባቷ ያልተቀበላት ልጅ ግን የእናቷን ሁለቱንም ትወርሳለች። ስለዚህ ዩዴልካም ፔጌሮ ማርሞሌሆስ፣ እናቷም ፔጌሮ ማርሞሌሆስ፣ እኔም ፔጌሮ ማርሞሌሆስ ሆንን። የእርስዎ ኮምፒውተር ሦስታችንን አሰልፎ አየና ልጅቷ የእኔ ታናሽ እህት ናት ብሎ ፈረደ። እውነቱን የሚናገረው የልደት ወረቀቷ ለማረጋገጫ ወደ ዋና ከተማችን ሳንቶ ዶሚንጎ ተልኮ እዚያው ለምዶ ቀርቷል። በዚህ ፍርድ መሠረት እናቴ ፌሊፓ ዩዴልካን የወለደቻት ከተቀበረች ከዓመት በኋላ ነው። እናቴ ሥራ የማትፈታ ሴት እንደነበረች አልክድም፤ እስከዚህ ድረስ ግን አልጠረጠርኳትም።

ሁለተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ ሌላ ቢሮ ስለሌለ እዚሁ ይመዝገብልኝ። ሠራተኛዎ ነገሩን በቃል ለማጣራት ዩዴልካን ወደ መስኮቱ ጠርታ፣ «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አለቻት። ልጅቷም ዓይኗን ሳታሽ «ወንድሜ!» ብላ መለሰች። በሰፈራችን ዶሚኖ የሚጫወተውም፣ ሙዝ የሚሸጠውም፣ ለመሳደብ የሚመጣውም ሁሉ ወንድሜ ነው የሚለኝ። ልጅቷ አጎቴ ስትለኝ ግን የቀረችኝ ጥቂት ፀጉር የምትሸብት እየመሰለኝ፣ «እንደ ሰዉ ወንድሜ በይኝ» ብዬ ያስለመድኳት እኔው ነኝ። ሠራተኛዎ እጇን ዘርግታ፣ «በቃ፣ ልጅቷ ራሷ ተናገረች እኮ! እኔ ምን ላድርግህ ወንድሜ?» አለችኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው። ሠራተኛዎም ወንድሜ ስላለችኝ በዚሁ ሕግ የእናቴ ልጅ ናትና፣ ለገና ቤተሰባችን ከሚጠብሰው አሳማ ድርሻዋን እንድትወስድ ይንገሩልኝ።

ሦስተኛ፤ ለእህት የሚያመለክተው ወላጅ እንጂ ወንድም አይደለም ተብሎ፣ እናቴ ራሷ ቀርባ እንድትፈርም ታዘዝኩ። ያለ ወላጅ ፊርማ በዚህ ቢሮ ልጅን የሚመለከት ምንም ነገር እንደማይንቀሳቀስም ተማርኩ። የሞት ምስክር ወረቀቷን አመጣሁ። ሠራተኛዎም አየት አድርጋ፣ «ሞት ሌላ ክፍል ነው። እኛ ጋ በሕይወት አለች» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ ለአንድ አፍታ ደስ እንዳለኝ አልደብቅዎትም። እንግዲያው አድራሻዋን ስጪኝ ብዬ ለመንኳት፤ ለጠያቂ አይሰጥም ተባልኩ።

ድጎማው ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ እኛም እንደምንም እየኖርን ነው። ሹሩባ መሥራት ጀምሬአለሁ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ኔሬይዳ ሥራዬን አይታ፣ «አንተ ሰው፣ ይቺን ልጅ ያበጠራት አውሎ ነፋስ ነው?» ብላ ፈትታ እንደገና ትሠራዋለች። ሌላው ሰው ሩዝ ሲቀቅል ከድስቱ ግርጌ ትንሽ ያርርና ቤተሰብ ይሻማበታል፤ የእኔ ሩዝ ከላይ እስከ ታች ግርጌ ስለሆነ በቤታችን ሽሚያ የለም። ዩዴልካ ሩዙ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማች ትስቃለች። ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያ የሳቀችውም በእኔ ሩዝ ነው፤ ስለዚህ አላሻሻልኩትም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በአድራሻው ኃላፊነት የሚወስድ ወላጅ ስላልተገኘ፣ እናቷ እስክትቀርብ ድረስ ልጅቷ ወደ ሕፃናት ማቆያ ትገባለችና ሐሙስ መኪና ይመጣል ይላል። እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀብኝ። ለልጅቷ ላለመንገር ወሰንኩ፤ ይሁን እንጂ እሷ ከእኔ የተሻለ አንባቢ ናትና ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥታ አነበበችው። አጣጥፋም ወደ ኪሴ መለሰችውና፣ «ወንድሜ፣ እዚያም ሩዙን ያሳርሩታል?» አለችኝ። ኧረ እነሱ ደህና አድርገው ነው የሚቀቅሉት አልኳት። «እንግዲያ እኔ አልሄድም» አለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ ያለ ራስ መከላከያ ቆብ አውራ ጎዳና ላይ የምበር ሰው ነኝ፤ የፊታችንን ሐሙስ ግን እፈራዋለሁ።

ለሰጡኝ ሰፊ የመጠበቂያ ጊዜ ያለኝን የማያልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ሥልጣን ያብዛልዎት ብዬ የምመርቅ፣ የልጅ አባት መሆን ሲገባኝ በእርስዎ ችሎታ በስተርጅና ታላቅ ወንድም የሆንኩ፣

ታዛዥዎ ኤሊሂዮ ፔጌሮ ማርሞሌሆስ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፌሊፓ ማርሞሌሆስ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ መኪናው ሲመጣ በሩን የምንከፍተው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። ያለ ወላጅ ፊርማ ልጅን የሚመለከት ምንም ነገር እንደማይንቀሳቀስ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ወላጃችን ደግሞ በመዝገብዎ በሕይወት አለች። ስለዚህ ሰዎችዎ ሲመጡ የእናታችንን ፊርማ ይዘው ይምጡ። ካላገኙት ልጅቷ ከቤቷ አትወጣም።