የእማዬ በር መብራት

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ከሥራ መልስ ካውያውን አወጣሁ። ሸሚዝ ልተኩስ አይደለም... የሰርኪዩት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመር ስዕል መዳብ ላይ ላትም። ገና ሳይሞቅ ታላቅ ወንድሜ ደወለ። "ትናንት የእማዬን በር ሳንኳኳ ቆምኩ፣ ቆምኩ... አልሰማችም። እሑድ መጥቼ ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ። በቃ።" ዳኛው የምንለው በከንቱ አይደለም።

እማዬ ደግሞ፣ "ከቤቴ የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው" ትላለች።

የጀመርኩትን ተውኩት። በር ሲንኳኳ አምፖል የሚያበራ ቦርድ ብሠራላትስ? ጆሮዋ ነው እንጂ ዓይኗ ደህና ነው፤ ዛሬም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ቀዳዳ ታሾልካለች። ፋብሪካ ባሠራው ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በእጄ እሠራዋለሁ!

ረቡዕ፣ ጥር 7
የቦርዱን ስዕል በአንጸባራቂ ወረቀት አትሜ መዳቡ ላይ ተኮስኩት። ግማሹ ቀለም ከወረቀቱ ጋር ተላጠ። ካውያው አልሞቀም ነበር? ወይስ ቸኮልኩ? ቸኮልኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ሐሙስ፣ ጥር 8
እንደገና ተኮስኩ። ያዘ!

ዓርብ፣ ጥር 9
መዳብ የሚበላው ፈሳሽ ውስጥ ነከርኩት። ቀለም የሸፈናቸው መስመሮች ብቻ ሲቀሩ እንዴት ያምራሉ! ቀዳዳዎቹን በሳሁ። ማንኳኳቱን ለይቶ አምፖሉን የሚያበራውን ቺፕ ላስገባ ስል... ግራው ቀኝ ሆኗል። ስዕሉን ገልብጬ ማተም ነበረብኝ። እንዴት ይረሳል? አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ሌላ መዳብ የለኝም፤ ሻጩም ለጥምቀት እስከ ሰኞ ሱቁን ዘግቷል።

ቆይ... ቦርዱ ከተገለበጠ ቺፑንም ብገለብጠውስ?

ቅዳሜ፣ ጥር 10
የቺፑን እግሮች አንድ በአንድ በወረንጦ ወደ ጀርባው አጠፍኩ። አንዷ ብትሰበር ጉዴ ፈላ። አልተሰበረችም። ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ በየድኩት፤ የሞተ በረሮ ይመስላል። ጠረጴዛውን ባንኳኳው... በራ!

ባለቤቴ ከሳሎን፣ "ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ! በርቷል!"

ከሰዓት በኋላ እማዬ ቤት ሄጄ ቦርዱን በሩ ላይ፣ አምፖሉን ከወንበሯ ፊት ለፊት ገጠምኩ።

እሑድ፣ ጥር 11
እማዬ ቤት ሆኜ በመስኮት አየሁት። ዳኛው ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። አንኳኳ። አምፖሉ በራ። እማዬ አልተነሳችም። ደግሞ አንኳኳ፤ ደግሞ በራ። ንቅንቅ አላለችም።

"እማዬ፣ አልታየሽም እንዴ?" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ያስጮህሻል፣ አይቻለሁ" አለች፣ እግሯን ዘርግታ። "እኔን ሊወስድ የመጣ ሰው ትንሽ ይቁም።"

ደስ ሲላት ተነሥታ ከፈተችለት። ሻንጣው ባዶውን ተመለሰ።