አባዬ ያልጨረሰው ዙር

ውድ ኢያሱ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። አንተም በየሳምንቱ «ውድ ተመልካቾቻችን» የምትለን ከልብህ እንዳልሆነ ስለማውቅ በዚህ እንኳ ተቻችለናል።

ስልክ አታነሳም። መልእክት ስልክልህ ደግሞ የአውራ ጣት ምልክት ትልክልኛለህ። አባዬ ሆስፒታል ገብቶ የነበረ ጊዜም ነግሬህ የላክህልኝ አውራ ጣት ነው። ስለዚህ በወረቀት ጽፌልሃለሁ፤ ጣቢያችሁ በር ላይ ላለው ጥበቃ ሰጥቼው እሄዳለሁ።

ባለፈው ከቦሌ ስመለስ ፎቶህን አየሁት። ፎቅ የሚያህል ማስታወቂያ ላይ ማይክ ጨብጠህ ጥርስህን ታሳያለህ፤ ከሥርህ «የስፖርቱ ድምፅ» ተብሎ ተጽፏል። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ደንግጣ ቦርሳዋን ሰብሰብ አደረገች። ድምፅ መሆንህን መቼም ማንም አይክድህም፤ ጀነሬተርም ድምፅ አለው። እኔን ያሳቀኝ ግን እዚያ ፎቶ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ መነሣትህ ነው፤ ዓይን መጨፈን አንተንና እኛን ምን ያህል እንደሚያገናኘን ፎቶ አንሺው አያውቅም።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ።

ጉርድ ሾላ፣ የቀበሌው ግቢ ውስጥ እያለን፣ አባዬን ግላኮማው ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨረሰበት። ከቦሌ አየር ማረፊያ የካርጎ ሥራው ጡረታው ሳይደርስ ወጥቶ ቤት ዋለ። በወጣትነቱ ለፋብሪካ ክለብ አሥር ሺህ ሜትር ይሮጥ የነበረ ሰውዬ፣ ከአልጋው እስከ በሩ ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄድ ሆነ። ሩጫ ሲተላለፍ «አጥፉልኝ» ብሎ ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ ልጁ ሆኜ የማደርገው ጠፍቶኝ አብሬው እተክዛለሁ። መላ የመጣልህ ላንተ ነው፤ እናትህ ገበያ ስትውል እኛ ቤት ምሳ የምትበላው የጎረቤት ልጅ፣ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ።

ያቺን ሞላላ ትሪ ከኩሽና አውጥተህ ጭኑ ላይ አስቀመጥክለት። ጣቱን ይዘህ ጠርዟ ላይ አሳረፍክና «ጋሼ፣ ይቺ ትራኳ ናት። እዚህ ጋ መነሻው ነው። እኔ እየነገርኩዎት እርስዎ ይሩጡ» አልከው። አባዬ የሚያሾፍበት ሰው የመጣ መስሎት ሊቆጣ ነበር። አንተ ግን ቴሌቪዥኑን እያየህ ጀመርክ።

«ኩርባው ውስጥ ናቸው፤ ወጡ፤ ቀጥታው ላይ ናቸው። ኬንያዊቷ ትመራለች። የኛዋ ሁለት እርምጃ ኋላ፣ በውጭ በኩል። ትከሻዋ ጎበጥ ብሎ ነበር፤ አሁን ቀና አለች። ኩርባ ሊገቡ ነው፤ ገቡ።»

አትጮህም ነበር። የአባዬ ጣት ትሪዋን ይዞራል፤ ስታፈጥን ይፈጥናል፤ ስታዘገይ ይጠብቅሃል። የመጨረሻው ዙር ላይ ጣቱና ልጅቷ እኩል መስመሩን አለፉ። ሲያልቅ ሁለታችሁም ላብ በላብ ሆናችሁ ነበር። አባዬ ትሪዋን እንደያዘ ሳቀ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለዚህ ብቻ ስል ዕድሜ ልኬን ባለውለታህ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለ አንተ ሩጫ የለም። አባዬም ዝም ብሎ አልሰማህም፤ አሠለጠነህ። «ሄደች» ካልክ «ወዴት?» ይልሃል። «ፈጠነች» ካልክ «ከማን?» ይልሃል። ወሬ ስታበዛ ትሪዋን በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርጋታል፤ አንተም ወዲያው ትሰበሰባለህ። ኤፍ ኤም ላይ ስትገባ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰፈሩን ሁሉ «የኔ ልጅ ነው» ሲል ከረመ። እውነቱን ልናገርና ያኔ ጎበዝ ነበርክ። አሁን የምጠላህ ያን ያህል ጎበዝ ስለነበርክ ነው፤ ሌሎቹ ጓደኞችህማ ሲፈጠሩም አያውቁበትም።

ከዚያ ቴሌቪዥን ወሰደህ፤ ሱፍ ለበስክ፤ ዴስክ ኋላ ተቀመጥክ። አሁን እናንተ እዚያ ተደርድራችሁ የምታደርጉት ነገር ምን ይባላል? አንዱ አንዱን «ወንድሜ በጣም ትክክል» ይለዋል፣ ያኛው «ያነሣኸው ነጥብ ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ነጥቡ ምን እንደነበር ግን ማንም አይነግረንም። ሰው ደሙ እስኪደርቅ ይሮጣል፣ እናንተ ቁርስ የበላችሁበትን ሆቴል ታመሰግናላችሁ። የስፖንሰሩን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስታችሁ አታውቁም፤ የሯጯ ስም ሲመጣ ግን «የኛዋ ጀግና» ነው፤ ሁሉም «የኛዋ ጀግና» ናቸው። ስታሸንፍ ድሮም ታውቁት ነበር። ስትሸነፍ «ታክቲክ ጎድሏታል» ትላላችሁ፤ ታክቲኩ ምን እንደሆነ ብትጠየቁ ወደ ማስታወቂያ ነው የምትገቡት። ከሁሉ በላይ ግን «እንደምታዩት»። «እንደምታዩት ተመልካቾቻችን»፣ «እያያችሁ እንዳላችሁት»፣ «ምስሉ ላይ እንደምትመለከቱት»። አባዬ ከሶፋው ላይ ሆኖ ጎንበስ እያለ «አላይም ልጄ፤ ንገረኝ» ይልሃል። ለቴሌቪዥን ይመልስለታል እኮ። ቀስ ብሎ፣ አንተን እንዳያሳፍርህ።

ይህንን ፊት ለፊት ነግሬሃለሁ፤ አልሰማሁም እንዳትል። ውጭ አገር ለሚደረገው ለዚያ ለትልቁ ውድድር ልትሄዱ ሳምንት ሲቀራችሁ ቦሌ ያለው ካፌ አስጠራኸኝ፤ ያስጠራኸኝም ከፋርማሲዬ የእናትህን መድኃኒት እንዳመጣልህ ነበር። ከሦስት ሰው ጋር ሰልፊ ከተነሣህ በኋላ ተራዬ ደረሰ።

«ኢያሱ፣ አሥር ሺውን አንተ ነህ አሉ የምታስተላልፈው። አባዬ ትሪዋን አስወልውሎ እየጠበቀህ ነው። እባክህ የት እንዳሉ ብቻ ንገረው» አልኩህ።

«ፀዲዬ፣ ቲቪ እኮ ቪዥዋል ነው» አልከኝ። «ፒክቸሩ ራሱ ይናገራል። እኛ ቫይብ ነው የምንጨምረው።»

«እሱ ፒክቸሩን አያየውማ!»

«እሱማ ገባኝ፤ ግን ላንድ ሰው ተብሎ ሾው አይሠራም አይደል? ጋሼ ሬዲዮ ይስማ በቃ። ሰላም በይልኝ፣ እወደዋለሁ!»

ቀና ብለህ አራተኛውን ሰልፊ ተነሣህ። እኔም መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ላባዬ ሰላምታህን አደረስኩለት፤ ሌላውን ዋጥኩት። «ስለ ሩጫው ምን አለ?» ሲለኝ «ተዘጋጅቷል» አልኩት። ዋሽቼም አይደል፤ ሱፉ ተዘጋጅቶ ነበር።

አሁን የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ልንገርህ። ልብ ብለህ ስማ፤ እኔ «እንደምታየው» አልልህም።

አባዬ እንግዳ ጠርቶ ነበር። ከጉርድ ሾላ ለቀን አያት ከገባን ጀምሮ ስላንተ ያልነገረው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የለም፤ ግማሹ በትሕትና ይሰማዋል፣ ግማሹ ሽማግሌው የሚዘላብድ ይመስለዋል። ያን ቀን ሊያሳያቸው ፈለገ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደቻሳ መጣ፤ ከሦስተኛ ፎቅ እትዬ የሺመቤት ከነልጃቸው መጡ። ቆሎ ቆላሁ፣ ለስላሳ ደረደርኩ። አባዬ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ትሪዋን ጭኑ ላይ አድርጎ መሐል ተቀመጠ።

አንተ «ጤና ይስጥልን» ስትል እጁን አነሣና «እስቲ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አላቸው። «ይህ ልጅ ሲናገር ዓይን ትርፍ ነው። ታያላችሁ።»

ሰው ናቸውና ጨፈኑለት። አቶ ደቻሳ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ለስላሳውን በእጁ እንደያዘ፣ ዓይኑን ጭምቅ አድርጎ ጨፍኖ ተቀመጠ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ሳቡ። አባዬ ጣቱን መነሻው ላይ አስቀመጠ።

አንተም ጀመርክ። «እንደምታዩት እጅግ የሚያምር ስታዲየም ነው…» አጠገብህ ያለው ባልደረባህ «ኢያሱ፣ ሱፉ ግን አደጋ ነው!» አለህ፤ ተሳሳቃችሁ። ስለ ከተማው አየር አወራችሁ፤ ባረፋችሁበት ሆቴል ያገኛችሁትን ሐበሻ አስተናጋጅ አመሰገናችሁ።

«ጀመሩ እንዴ?» አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

«እኔ እንጃ ጋሽ ቢተው» አለ አቶ ደቻሳ፣ እንደጨፈነ።

እትዬ የሺመቤት ባንድ ዓይናቸው አጮለቁና «ውይ፣ ከጀመሩ ቆዩ እኮ!» አሉ። አባዬ ደንገጥ ብሎ ጣቱን አንቀሳቀሰ። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው» አላቸው፤ «ይሞቃል። እሱ ሲሞቅ ነው ደስ የሚለው።»

አልሞቅህም። አባዬ በግምት ሮጠ። ሰው ሲንጫጫ ያፋጥናል፣ አንተ ስለ አንዱ አትሌት ሠርግ ስታወራ ጣቱ መንገድ ላይ ይቆማል። ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ፤ አንተን ላለማስቀየም። እንግዶቹ አንድ ባንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ምን ያድርጉ? ያየሁት ግን፣ ሲገልጡ አባዬ እንዳያውቅ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

የመጨረሻውን ዙር ደወል ሰማው። ደወሉ ያንተን ወሬ ጥሶ ወጣ፤ እሱንም ፈጣሪ ይስጠው። አባዬ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ጣቱን ከመነሻው አስነሥቶ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ከተተው። ቀጥሎ ያንተን ድምፅ ጠበቀ።

«አረንጓዴው ጎርፍ! እዩልኝ! እዩልኝ! ኧረ ተመልከቱ! እንደምታዩት! እንደምታዩት!»

«የት ናት?» አለህ አባዬ። «ኢያሱ፣ የት ናት?»

እትዬ የሺመቤት ተነሥተው እልል አሉ። ልጃቸው ዘለለ። የኛዋ ሯጭ ቤዛዊት አሸንፋለች። አገር ሙሉ ጨፈረ፤ አባዬ ደግሞ ጣቱ ኩርባው ላይ እንዳለ ቀረ።

እልልታው ሲቆም ሁሉም ወደሱ ዞሩ። አቶ ደቻሳ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? እስከዚያ ድረስ ጨፍኖ የቆየ ለመምሰል ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። ማየት ለማይችል ሰው ሲል። እዚያ አንተ ካለህበት ዴስክ ሁሉ፣ ከነመብራቱ፣ ያን ያህል ጨዋነት አልተገኘም።

«ፀደንያ» አለኝ አባዬ፣ «ድምፁን አጥፊው።»

«ቴሌቪዥኑን ልዝጋው?»

«አይ፣ እንግዶቹ ይዩ። ድምፁን ነው ያልኩሽ።»

አጠፋሁት። ቃል የሚጠቅመው አንድ ሰው ባለበት ቤት ቃል ጠፋ፣ ሥዕሉ ቀረ። አንተ መስታወቱ ውስጥ አፍህን ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ድጋሚ ሲያሳዩ ልነግረው ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። «ማን እንደቀደመች ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ገና ኩርባው ላይ ነኝ» አለ። ሰደብኩህ፤ ከነማይክህ፣ ከነሱፍህ ሰደብኩህ። አባዬ አስቆመኝ።

«አትስደቢው። አጠገቡ የሚያዩ ሰዎች ብቻ አስቀምጠውለት ነው። አጠገቡ አንድ ዕውር ቢኖር ኖሮ አይጠፋውም ነበር።»

እሱ እንዲህ አለ። እኔ የሱን ያህል ደግ አይደለሁም። አልጠፋህም፤ ጥለኸው ነው። ታውቅበት ነበርና፣ ባትችል ኖሮ ዛሬ አልንቅህም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ድምፅህ ዝግ ነው። ሩጫ ሲኖር እኔ እነግረዋለሁ። አልችልበትም፤ «ሄደች» እላለሁ፣ «ወዴት?» ይለኛል። በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርግብኛል። ሆኖም ኩርባው የት እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ካንተ የምሻለው በዚህ ብቻ ነው። የምንጠቀመው ግን በሌላ ትሪ ነው። ሞላላዋን እንዳልነካ ከልክሎኛል። ያን ዕለት ማታ ከፋርማሲ ባመጣሁት ፕላስተር ጣቱ የቆመበትን ቦታ አስለጥፎኛል። ፕላስተሩ እስካሁን እዚያው ነው።

ልትመጣ ካሰብክ ሱፍህን ቤትህ ተወው፤ እሱ እንደሆነ አያየውም። ያንን ባልደረባህንም እንዳታስከትል። አያት፣ የባቡሩ መጨረሻ ላይ ወርደህ «ጋሽ ቢተው» ብለህ ብትጠይቅ ያሳዩሃል፤ አንተን የሚያውቁህ በሱ ነው። ገብተህ አጠገቡ ተቀመጥ፣ ጣቱን ፕላስተሩ ላይ አድርገህ ከዚያ ቀጥል። የቀረው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም።

ለኔ ብትቀር ግድ የለኝም፤ አልጠብቅህም። አባዬ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር «ግቡ» ከማለቱ በፊት እጁን ወደ ትሪዋ ይሰዳል።

ፀደንያ ቢተው
አያት