ነጠላዬ ሥር ያለው መነጽር

ጥር 14፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም አልሆነም፣ ማስታወሻዬ። ሩቁን የሚያቀርበው መነጽር በግራ እጄ፣ እርሳሱ በቀኝ፣ ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ። ቀና ብዬ አንድ መልአክ አያለሁ። ልስለው ጎንበስ ስል ይጠፋኛል። ተመልሼ ቀና ስል የትኛው እንደነበረ አላውቅም፣ ሁሉም ክንፋቸውን ዘርግተው ያዩኛል። አንገቴ ደርቋል።

ቦታው አሮጌው ሚካኤል ነው፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ጣሪያው ዘሟል። ጾም ከመግባቱ በፊት ፈርሶ አዲስ ሊሠራ ተወስኗል። በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያሉት ሥዕሎች አቡጀዲ ላይ ተስለው የተለጠፉ ናቸው። ከኋላ ምስጥ በልቷቸዋል፣ ሲነኳቸው ዱቄት ይሆናሉ። ስለዚህ መሰላል ማስጠጋት ክልክል። ፎቶም ክልክል፦ ድሮ አንድ እንግዳ መስቀሉን ፎቶ አንስቶ ሄደ፣ ብዙ ሳይቆይ መስቀሉ ጠፋ። የቀረው እርሳስ ነው። አዲሱ ሠዓሊ እንዲከተለው እኔ እንድቀዳው ተባለ፤ እኔ ታፔላ ጻፊዋ፣ የሠዓሊው ልጅ።

ሥዕሎቹ የአባባ ናቸው። እማዬ ከሞተች በኋላ ባለው ዓመት የሳላቸው። ያኔ እኔ ገና እድህ ነበር። እማዬ ፎቶ የላትም። አንድም። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አባትሽ መልኳን ሚካኤል አስቀምጦታል ትለኝ ነበር። የት ጋ ብዬ አባባን ስጠይቀው ካየሻት ታውቂያታለሽ ይለኛል። ግድግዳው ሳይፈርስ ላያት እፈልጋለሁ። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ጥር 17፣ ማታ

አያ ደምሴ ዘንድ ዋልኩ። ከታፔላ ቤቴ አጠገብ ያለው ጫማ ሰፊ። መነጽሩም የአጎቱ ነው፤ ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮ ከበቆሎ ሲጠብቁ የሚያዩበት። በቆሎው ተሰብስቧል፣ ዝንጀሮውም መነጽሩም ሥራ ፈቷል።

ራሴ ላይ እንዲቆም አድርግልኝ አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። የራሴን ዙሪያ በክር ለካ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነበረው፣ ባትሪውን ነቅሎ ላስቲኩን ወሰደ። አሮጌ የሱፍ ቆብ ላይ ሰፋው። ከፊት ወፍራም ቆዳ፣ ከቆዳው ላይ መነጽሩ በሁለት ማሰሪያ። ሳጠልቀው አፍንጫዬ ወደ መሬት ሄደ፣ ቀንበር እንደከበደው በሬ። አሰበ፣ አሰበ። ከማጅራቴ በኩል ትንሽ ከረጢት ሰፍቶ ሽምብራ ሞላበት። ራሴ ቀና አለ።

እጆቼን ወደ ታች ለቀቅኳቸው። አይ፣ ማስታወሻዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ከመናኸሪያው ማዶ የቆመ የጋሪ ፈረስ ዓይኔ ሥር መጣ። ሽፋሽፍቱ። ሽፋሽፍቱ ላይ ያለው አቧራ። ድምፅ የለም፣ ሰው ይጮኻል ግን ሩቅ ነው፣ ፈረሱ ብቻ ቅርብ። እጄ ለብቻው ይስላል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ቀና ብዬ ሳየው ጥሩ ፈረስ ወጥቶታል። ሰዎች ከበውኝ ኖሯል፣ አላየኋቸውም።

ጥር 19፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጉድ። አያ ደምሴ ካላስተካከልኩልሽ ብሎ አብሮኝ መጣ። በሩ ላይ ተሳለምን፣ ጫማ አወለቅን፣ ገባን። ማሰሪያውን ሲያጠብቅ ቆይቶ ራሱ አጥልቆ ካልሞከረው አልበቃ አለው። ቆብ። ወንድ ልጅ። መቅደሱ ፊት። ይህን የማያውቅ በጎጃም የለም፣ እሱም ያውቃል፤ ባርኔጣውን እኮ ገና ከግቢው ደጅ አውልቆ በብብቱ ይዟል። ግን የሠራው ነገር አፍዞታል፣ አፉን ከፍቶ መላእክቱን ያያል።

ቄሰ ገበዙ ገቡ። የቤ/ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፣ እኔንም ያስገቡኝ እሳቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። መቋሚያቸውን ብቻ መሬት አንድ ጊዜ መቱ። አያ ደምሴ ነቅሎ ጣለውና መሬት ሳመ። ያ ሁሉ ሽምብራ ተበተነ። እኔ በቃ አለቀ አልኩ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ ሊሉኝ ነው።

ቆቡን በመቋሚያቸው ጫፍ ገለበጡት። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ቆቡን በመቋሚያቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚያ፦

"ወንድ ተገልጦ፣ ሴት ተሸፍና፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። እሷ ታጥልቀው። ነጠላዋን ከላዩ ትከናነብ።"

ሽምብራውን ስንለቅም አያ ደምሴ ቀና ብሎ አላየኝም። ውጭ ወጥተን ነው የሳቅነው።

ጥር 23፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እዚሁ ሆኜ እጽፋለሁ። ከሴቶች በር በኩል ሰሌን ላይ ተቀምጫለሁ። ፀሐይ በበሩ ትገባለች፣ ቀስ እያለች ከሥዕል ሥዕል ትሄዳለች፣ እኔ እሷን እከተላለሁ። ነጠላዬ ከመነጽሩ በላይ እንደ ድንኳን ነው። ውስጡ የኔ ቤት። ከፊቴ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ የክንፍ ላባ። አንዳንዴ እኔ ወደ እነሱ ወጥቼ ይሁን እነሱ ወደኔ ወርደው ይጠፋኛል። ደስ ይላል። ለሰው አይነገርም ግን ደስ ይላል።

ደጅ ልትሳለም የመጣች ባልቴት ራሴን አይታ ሕመም ነው ወይ ልጄ አለችኝ። ሥራ ነው እናቴ አልኳት። እግዜር ያቅልልሽ ብላ ሄደች። በምን ልብ ልስቅ።

ማርያምን አየሁ። አይደለችም። ቅዱሳት አንስትን አንድ በአንድ አየሁ። አይደሉም። ሁሉም አንድ ዓይነት ዓይን፣ አንድ ዓይነት ቅንድብ፣ አንድ ዓይነት አፍንጫ። እህትማማቾች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም። ከእነዚህ አንዷ እማዬ ከሆነች ሁሉም እማዬ ናቸው። አክስቴ ልታጽናናኝ ብላ ይሆናል። 

ጥር 26

አገኘኋት።

ተቻኩዬ ነው የምጽፈው፣ ይቅር በይኝ። ከሴቶቹ በር ትይዩ፣ ጣሪያው ሥር ጥግ ላይ። እዚያ እሳት ስለሆነ አልፈለግኳትም ነበር። ሚካኤል ነፍሳትን ከእሳት ባሕር በክንፉ ያወጣል፤ ያላወጣቸው ከታች ቀርተዋል። ከቀሩት መሃል አንዲት ሴት። ሹሩባ የተሠራች። አንገቷ ላይ ንቅሳት፣ ሦስት መሥመር፣ ከመሥመሩ በታች ነጠብጣብ። ቅዱሳቱ ንቅሳት የላቸውም። አገጯ የኔ አገጭ ነው። ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የማየው። ከንፈሯን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች፣ ሳቋን የምትደብቅ ነው የምትመስለው። ሰው ናት። ከዚህ ሁሉ ሥዕል ሰው የምትመስል እሷ ብቻ ናት።

እና በአንድ ዓይን።

ይህን ለልጅም መንገር አያስፈልግም። ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጥእ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ። አባባ እናቴን ከኃጥኣን ጋር አኑሯታል። እኔ የፈለግኳት ከማርያም ጎን ነው። ቆቡን አውልቄ ወረወርኩት። ሳልስላት ቀረሁ። ምን አድርጋው ነው? ምን ብታደርገው ነው ሰው ለሞተች ሚስቱ እንዲህ

ጥር 27፣ ጠዋት

ትናንት ለአባባ ራት አቀረብኩለት እንጂ አላናገርኩትም። በማንኪያ አላጎረስኩትም፣ ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ፣ እጁ እንደምታውቂው ይንቀጠቀጣል።  ዛሬ ማለዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አየሻት መሰለኝ አለ። ፈነዳሁበት። ቃላቴን አልጽፍም።

እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"የጻድቅ መልክ ከመምህሬ የተቀበልሁት ነው። አንዲት ቅንድብ አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም። እገሌን ይምሰል ብዬ ማርያምን እስላለሁ? ሰውን በሰውነቱ መሳል የምችለው ከኃጥኣኑ ዘንድ ብቻ ነበር። ወይ መልኳ ይጥፋ፣ ወይ እዚያ ትግባ። ፈጣሪ ማን እንደሆነች ያውቃታል፤ የምፈራው የኔን መርሳት ነው።"

ለምን ዘወር አለች ታዲያ አልኩት። ሳያት እንዲያ ነበረች አለ። እንደሚያያት ካወቀች ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች፣ ታፍራለች። ባል ሆኖም እንዲያው። ይህን ሲናገር ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ።

ንቅሳቷ አለ? አለኝ። አለ አልኩት። አልቅሼ ነው ያልኩት።

ውሰጂኝ አለ።

የካቲት 2፣ ማታ

በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በቅሎ ተለምኖ። በቅሎዋ ላይ ሆኖ ባዶ ማሳውን ያያል። እኔ ቆቡን በአገልግል ይዣለሁ። ሳሠራው ያላሰብኩትን ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ፦ ይህ ነገር ከኔ ይልቅ ለእሱ ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ መነጽር አይዝም።

ገብቶ ከጥጉ ትይዩ ተቀመጠ። በእጁ ሞከረ። እሳቱ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ሁሉም ይዋልላል አለ። ቆቡን አወጣሁ። ቄሰ ገበዙ በሩ ላይ ነበሩ፤ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ውጭ መለሱ። ይሁን ማለታቸው ነው። አባባ ግን እጁን ነጠላዬ ላይ አሳርፎ ከለከለኝ። ራሴን ሸፍኜ እዚህ ቆሜ አላውቅም፣ እሷ ፊትማ እንዴት ብዬ አለ።

መነጽሩን ከቆዳው ፈታሁት። ከኋላው ተንበረከክሁ። ክርኖቼን ትከሻው ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ዓይኑ ላይ ያዝኩለት። ወደ ግራ አለ። ከፍ። ትንሽ ከፍ። ትንፋሼ እየነቀነቀው ነው መሰል አትተንፍሺ አለኝ። አልተነፈስኩም። ፀሐይዋ ጥጉ ላይ ደርሳ ነበር። በጣም ረዥም ጊዜ። እጄ ዛለ፣ ጉልበቴ ዛለ፣ አልነገርኩትም። የሽማግሌ ጸጉሩ አገጬን ይነካኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ቀርቤው አላውቅም።

"አለች" አለ።

 

የካቲት 8

ትናንት ጣሪያው ወረደ። አልሄድኩም። አያ ደምሴ ሄዶ ነበር፣ አቡጀዲው እንደ አመድ ወደቀ አለኝ። ቀስ ብሎ እያጽናናኝ ነው የነገረኝ፣ እግዜር ይስጠው፣ አባባን በወሰድኩት ማግስት የጨረስኩት ንድፏ እጄ ላይ መኖሩን እያስታወሰ።

ከሁለት ቀን በፊት ቄሰ ገበዙ ልከውብኝ ነበር። አዲሱ ሠዓሊ ንድፎቹን ተቀብሏል። የእሳቱን ጥግ ግን ያንቺው ይሁን፣ አባትሽ ምን እንዳኖረበት አሁን ገብቶኛል አሉ። አቡጀዲው ላይ እቤቴ እስለዋለሁ፣ ዲያቆናቱ ወስደው ይለጥፉታል። አባባ አሁን አንቺ ነሽ ሠዓሊዋ፣ ብትፈልጊ ፊቷን መልሺው አለኝ። ሁለት ዓይን ስጫት ማለቱ ነው። ሁለት ቀን ዞረብኝ።

ወሰንኩ። አልመልሳትም፣ እንዳየናት ትሁን። ንቅሳቷ፣ ሹሩባዋ፣ የደበቀችው ሳቋ። ከፊቷ ግን ባዶ ቦታ አለ፣ አባባ እሳት ብቻ የሞላው። እዚያ ሌላ ኃጥእ እጨምራለሁ። ሽማግሌ፣ ራሱን የገለጠ፣ ወደ እሷ የዞረ፣ በአንድ ዓይኑ እሷን ብቻ የሚያይ። አባባን አላስፈቀድኩም፣ አላስፈቅድምም። እጆቹ አይንቀጠቀጡም።