ሷሊህ የበላት ፍሬ

አቦቦ፣ ግንቦት 2017

ውድ እትዬ ነዒማ፣

«ደህና ነሽ ወይ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ትናንት በስልክ ደህና ነኝ ብለሽኛል፣ ጉልበትሽም እንደተሻለሽ ነግረሽኛል። ታዲያ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዶሮዎቼ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ከልጄ ከሁዳ ደብተር ላይ ወረቀት ገንጥዬ ቁጭ አልኩ። ባለሱቁ ጀማል እናቱን ሊጠይቅ ወደ ደሴ ስለሚሄድ፣ ሐይቅ ድረስ ዘልቆ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። መጀመሪያ ላይ መጥፎ ወሬ ይመስልሻል፣ ግን አይደለም። እንዳትወረውሪው።

ስለ ወንድማችን ስለ ሷሊህ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች ወዲህ ስሙን አንድ ቀን እንኳ አንስተን አናውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ ኛሩአች የምትባል የሳይንስ መምህርት መጥታልናለች፤ ኑዌር ናት፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ከልጆቹ እኩል የምትሮጥ። ተማሪዎቿን «የአካባቢያችሁን ዕፅዋት፣ እንስሳትና ሰዎች ዞራችሁ አይታችሁ ጻፉ» ብላ አዘዘቻቸው። እኔ የወላጅ ኮሚቴ ስለሆንኩ ልጆቹን እንድጠብቅ አብሬ ወጣሁ። መንገዱን የሚመሩን ደግሞ እማማ አሪየት ነበሩ። ታስታውሻቸዋለሽ? ያኔ ሰፈራው ገና እንደተጀመረ፣ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው ለእናታችን ያመጡላት የነበሩት አኙዋኳ ወጣት ሴት። አሁን ፀጉራቸው ጥጥ ሆኗል። ምላሳቸው ግን ምላጭ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አርባ ዓመት እዚህ ኖሬ ስሙን የማውቀው ዛፍ ማንጎና ኒም ብቻ ነው። እኛ ደገኞቹ ከቤት ወደ በቆሎ፣ ከበቆሎ ወደ ቤት ነን እኮ! እማማ አሪየት ግን ዝም የሚሉበት ቦታ የለም። ይህ ቅጠል ከገንፎ ጋር ይበላል፣ ይህቺ ወፍ ማር ወዳለበት ትመራለች፣ እዚያ ጭቃ ላይ ያለው የጉማሬ ዱካ ነው፣ የትናንት ነው። አንድ አርጃኖ ከቁጥቋጦ ሲወጣ ልጆቹ ጮኹ፤ ከሁሉም ቀድማ የሮጠችው ጠባቂዋ ናት።

«ሁዳ፣» አሉ እማማ አሪየት፣ «እናትሽን ያዣት፣ ጎግ ወረዳ ሳትደርስ!»

እንዲህ እየሳቅን ከአልዌሮ ግድብ የሚመጣው ቦይ ዳር ስንደርስ፣ ያቺ ዛፍ ቆማለች። ያቺ ቅጠሏ ሲቀነጠስ ወተት የሚወጣት። ፍሬዋ በስሎ ሥሯ ወድቋል። ሁዳ ጎንበስ ብላ አንዷን አነሳችና አፏ ውስጥ ከተተች።

እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም። ማጅራቷን ይዤ ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ሰደድኩ። «ትፊው! ትፊው አልኩሽ!»

ልጅቷ እያሳላት ተፋችው። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሁልጊዜ እኮ ነው የምበላው!»

«ምን?»

«ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሁላችንም እንበላዋለን። ላንቺ ነው ያልነገርኩሽ።»

እማማ አሪየት ሌላ ፍሬ አነሱ፣ በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው በሉና ዘሯን እንትፍ አሉ። «ነሲባ፣ እኔንም ልታስተፊኝ ነው? የቀረኝ ሦስት ጥርስ ነው፣ ቀስ ብለሽ።»

ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መምህርቷ ነገሩ ገባትና ልጆቹን ይዛ ወደ ቦዩ ቀደም አለች።

እትዬ፣ አሁን ላንቺም ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

ያን ቀን አንቺ የእርዳታ እህል ልትቀበይ ሰልፍ ላይ ነበርሽ። ስትሄጂ «ሷሊህን ጠብቂልኝ፣ ከጥላው እንዳትወጡ» ብለሽኝ ነበር። አንቺ አስራ አራት፣ እኔ ስምንት፣ እሱ አምስት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላ ብሎኝ ነበር። ቂጣውን ሰጠሁት፣ ፊቱን አዞረ። የሚጣፍጥ ነገር ላግኝለት ብዬ እጁን ይዤ ወደዚያች ዛፍ ወሰድኩት። የአገሬው ልጆች ሲበሉ አይቻለሁ። ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነበር፣ ሁለቱንም ለእሱ ሰጠሁት። በላና «ጨምሪልኝ» አለኝ። ሌላ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አስመለሰው። በሦስተኛው ቀን የሆነውን ታውቂዋለሽ። እናታችን ዘሯን ከምንጣፉ ሥር አገኘቻት፤ ሰፋሪዎቹም ዛፏን አይተው ፈረዱ። በእኛ አገር ወተት የሚወጣው ቅንጭብ ነው፣ ቁልቋል ነው፣ ዓይን ያጠፋል፤ የሕፃን አንጀት ውስጥ ሲገባማ ምን ያደርግ አሉ። እናታችን ዘሯን ፊትሽ ወርውራ «አንቺን አይደል ያመንኩሽ! ልጄን ምን አበላሽው?» አለችሽ።

አንቺ እኔን አየሽኝ። እኔ መሬት አየሁ።

አውቀሽ ነበር? ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። ብታውቂም ባታውቂም አፍሽን ዘግተሽ ተሸከምሽልኝ። በሰማንያ ሦስት ወደ አገራቸው ከሚመለሱት ጋር ስትሄጂ፣ ሁሉም «ሙቀቱ አልስማማ ብሏት ነው» አሉ። ለምን እንደሄድሽ አውቅ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ያችን ፍሬ ባየሁ ቁጥር ዞሬ አልፋለሁ። እነሱ ሲበሉ ደግሞ አንጀታቸው ለምዶት ነው እላለሁ። «ጨምሪልኝ» ያለኝ ቃል አርባ ዓመት ሙሉ ልቤ ውስጥ እንደ ሚስማር ነበር።

ይህን ሁሉ ለእማማ አሪየት ከዛፏ ሥር ነገርኳቸው። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ይቅር በይኝ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንደ ፖሊስ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ብርድ ብርድ ይለው ነበር?»

«ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦለት ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ዓይኑስ?»

«ቢጫ ሆኖ ነበር።»

«ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?»

እትዬ፣ ትዝ አለኝ። እጁን ይዤ ወደ ዛፏ ስወስደው እጁ ያቃጥል ነበር። የፀሐዩ መስሎኝ ነበር። ቂጣውን እንቢ ያለኝም ለዚያ ነው።

«ከመብላቱ በፊት፣» አልኳቸው።

«ታዲያ ወባ ነዋ፣ አንቺ ሞኝ!» ጭኔን በመዳፋቸው መቱኝ። «የዚያ ዓመት ዝናብ ከእናንተም ወሰደ፣ ከእኛም ወሰደ። እኔ ልጄን ኩዌትን በዚያው ወር ቀበርኩት። የመጀመሪያዬን። ጥርስ አላበቀለም ነበር። እሱም ፍሬ በላ?»

እጃቸውን ያዝኩ። «ያኔ እናትሽ በር ዘጋችብኝ፣» አሉ። «ዓሣ ይዤ መጣሁ፣ ዘጋች። እንደገና መጣሁ፣ ዘጋች። ምን በደልኩ ብዬ ነበር። ዛሬ ገባኝ።»

«ይቅር በሉን እማማ።»

«ዓሣው አልተጣለም፣» አሉና ሳቁ። «እኔ በላሁት።»

ከዚያ አንዲት የበሰለች መርጠው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። በስመአላህ ብዬ ነከስኳት። እንደ ሙዝ ለስለስ ያለች፣ እንደ ቴምር የምትጣፍጥ። ዘሯን ይዤ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ይጨምሩልኝ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። አልቅሼም ስቄም ጨረስኩ፣ ሰባት በላሁ፤ ሆዴንም ምንም አላለኝ። ቤት ስገባ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ፤ አርባ ዓመት ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ሁዳ የቤት ሥራዋን ስትጽፍ ዛፏን በእርሳስ ሥላ፣ ስሟን እማማ አሪየት እንደነገሯት በአኙዋክኛ ጽፋለች፤ እኔ ብጽፈው አበላሸዋለሁ። «ሰዎች» ከሚለው ሥር ደግሞ የእማማ አሪየትን ስም አስቀድማ፣ ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «አጎቴ ሷሊህ። ፍሬ ይወድ ነበር።» መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ብላላታለች።

ከደብዳቤው ጋር በትንሽ ብልቃጥ ያለው ቅባት ከዚያችው ዛፍ ዘር የወጣ ነው፣ እማማ አሪየት ናቸው የላኩልሽ፣ ጉልበትሽን እሺበት። በጨርቅ የቋጠርኩት ዘሯ ነው። ደጋ ላይ አትበቅልም ብለውኛል፣ ለመትከል አይደለም። እናታችን አንቺ ፊት የወረወረቻት እንደዚህችው ያለች ዘር ነበረች። አሁን በእጅሽ ያዣት፣ አትፍሪያት።

እትዬ፣ አንቺ አላጠፋሽም። እኔም አላጠፋሁም። ፍሬዋ የምትበስለው በግንቦት ነው፤ ለሚመጣው ግንቦት ነይና አብረን ከሥሯ እንቀመጥ፤ እማማ አሪየትም ዓሣ ይዤ እመጣለሁ ብለዋል። ወንድማችን በዚህ ዓለም መጨረሻ የቀመሰው ነገር ጣፋጭ ነበር። የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

ከእንግዲህ መሬት የማላየው እህትሽ፣
ነሲባ